ወንዙ እስኪጠራ

ልብስ ሰፊው ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ወደ ወንዙ ይወርዳል። ኪሱ ውስጥ በረጅም ክር የታሰረ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ አለ። ድልድዩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ይቆምና ቁልፉን ቀስ አድርጎ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። ቁልፉ እስከ ጉልበት ጥልቀት ድረስ ከታየ ወንዙ ጠርቷል፣ ዓሣ ይጠመዳል ማለት ነው። ገና ውሃ ሲነካው ከጠፋ ግን ክሩን ጠቅልሎ፣ ወንዙን እንዳረፈደ ሠራተኛ ገላምጦ ወደ መኪናው ይመለሳል። መኪናው ስል የስፌት መኪናው ነው፤ ሌላ መኪና ኖሮት አያውቅም።

በጸደይ ቁልፉ አይታይም። ተራራው ላይ የከረመው በረዶ መቅለጥ ሲጀምር ወንዙ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ ተሸክሞ ይወርዳል። ዓሣው ድንጋይ ሥር ተሸጉጦ አፍንጫው ሥር ያለውን ምግብ እንኳ አያይም። የወንዝ ሰዎች ይህን ጊዜ ቤታቸው ተቀምጠው ነው የሚያሳልፉት። መንጠቆ ላይ ላባና ክር እየጠመጠሙ ዝንብ የሚመስል ማጥመጃ ይሠራሉ፤ ያለፈው ዓመት ዓሣቸውንም በወሬ ያሳድጋሉ። ልብስ ሰፊው ከሁሉም የባሰ የወንዝ ሰው ነበር። ግራኝ ነው። ዘንጉን ሲወረውር ክሩ በግራ ትከሻው በኩል ወደ ኋላ ተዘርግቶ፣ ተመልሶ፣ ውሃው ላይ እንደ ላባ ያርፋል። ድልድዩ ላይ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ያየዋል፤ እሱም ሰው እንደሚያየው ያውቃል። ችግሩ ከዚሁ ይጀምራል።

ማጥመድን ያስተማረው ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሁለቱን ሱቆች የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ እዚህ የተነገረ ሐሜት እዚያ ሳይደገም ይሰማል። በብርዱ ወራት ሥራ ሲቀዘቅዝ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው አብረው ዝንብ ይሠሩ ነበር። ክሩን ልብስ ሰፊው ያመጣል፤ ፀጉሩን ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ ከወለሉ ላይ እየመረጠ ያነሳል። ጥቁሩ ጥንዚዛ ለሚመስለው ይሆናል፣ ሽበቱ ትንንሽ ዓሣ ለሚመስለው። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ሽበት ስንት ዓሣ እንዳስያዘ እሳቸው እስከ ዛሬ አያውቁም።

ከዓመታት በፊት ፀጉር አስተካካዩን ጉልበቱን ያመው ጀመር። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው ጉልበት መቼም እዳ የለበትም አይባልም። ሐኪሙ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዳይቆም ከለከለው። ሌላ ሰው ቢሆን ዘንጉን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ትዝታ ሲያወራ ይኖር ነበር። እሱ ግን ከከተማው ጀርባ፣ ድሮ የጡብ ፋብሪካ ከነበረበት ቦታ፣ አፈር ሲወጣ የተፈጠረውን ኩሬ አስታወሰ። ኩሬው ጥልቀት የለውም፤ ታቹ ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ቶሎ ያሞቀዋል። ወንዙ በበረዶ ውሃ ሲያብድ ኩሬው ለብ ብሎ ተኝቷል። ዓሣዎቹም ሙቀት ወዳጆች ናቸው። አንደኛው አረንጓዴ ሆኖ አፉ ከራሱ የሚሰፋ ነው፤ ሌላው መዳፍ የሚያህል፣ ክብ፣ ደረቱ ብርቱካንማ። በጸደይ እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ዳር ይወጣሉ፣ ቤታቸው አጠገብ ያረፈውን ዝንብ ሁሉ በቁጣ ይነክሳሉ።

አንድ ቅዳሜ፣ ፀጉር ቤቱ በተረኛ በሞላበት ሰዓት፣ ልብስ ሰፊው ፊቱን አረፋ ተለቅልቆ ወንበሩ ላይ ተንጋሏል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እየሳለ፣

"ወንዙ እስኪጠራ እኮ ኩሬው አለልን" አለው። "ነገ ና አብረን እንውረድ። ሁለት ሰው የሚያስቆም ጥሩ ቦታ አግኝቻለሁ።"

"እኔ ነኝ ኩሬ የምወርደው?" አለ ልብስ ሰፊው። "ከዚያስ ሚስቴ ሳፋውን ውሃ ትሙላልኝና ሳሎን ቁጭ ብዬ ላጥምድ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ተረኛ እንባውን እየጠረገ፣ ፀጉር አስተካካዩን በአገጩ አመልክቶ፣ "ባለሳፋው በለኛ!" አለ። ፀጉር አስተካካዩም ሳቀ። ምላጩን አንስቶ ልብስ ሰፊው ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቀ፤ ከዚያ ጉንጩን ሙልጭ አድርጎ ላጨው፣ በሎሽንም አሸው። አንዲት ጭረት አላሳረፈበትም።

ቀልዱ ግን እዚያ አልቀረም። በሳምንቱ ባንክ ቤቱም፣ ዳቦ ቤቱም "ባለሳፋው" ይል ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ መጀመሪያ ፈገግ ይል ነበር፤ ኋላ ስሙ ሆኖ ሲቀር "አቤት" ማለት ለመደ። ልብስ ሰፊውም ቀልዱ እንደ ሰደድ እሳት ሲዛመት እያየ ውስጥ ውስጡን ደስ አለው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ያልገባው ነገር ቢኖር፣ ቀልዱ የኩሬውን መንገድ በራሱ ላይ እንደዘጋበት ነበር። የሰፈሩን ሰው ሁሉ በሳፋ ካሳቀ በኋላ በምን ፊቱ ዘንግ ተሸክሞ ወደ ኩሬው ይውረድ? ጓደኛው በየጸደዩ፣ አሁን ግን ሰው በሌለበት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዘንድሮስ?" ይለዋል። እሱም በየጸደዩ "ወንዙ ይጥራና እንሄዳለን" እያለ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ወንዙ ሲጠራ ደግሞ የጓደኛው ጉልበት ወንዙን አይችልም። ስለዚህ አንዱ ወንዝ፣ አንዱ ኩሬ፣ ግድግዳው ብቻ እያገናኛቸው ዓመታት አለፉ።

ዘንድሮ በጸደይ መግቢያ ላይ ልብስ ሰፊው ፀጉሩን ሊቆረጥ ገብቶ ጆሮው ጫፍ ላይ ተነካ። ደሙ ትንሽ ነበር። ቀና ብሎ በመስታወቱ ሲያይ ግን ጓደኛው የገዛ እጁን በሌላው እጁ ጨብጦ ቆሟል። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለው።

"ቆየ። ጢም መላጨት ትቻለሁ፤ አላወቅክም እንጂ።" መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ልጄ ልትወስደኝ ነው። እሷ ያለችበት ከተማ ደህና ሐኪም አለ። ሱቁን ዘግቼ ነው የምሄደው።"

ልብስ ሰፊው ከአንገቱ ጨርቁን ሳያወልቅ፣ ግማሽ ራሱ ተቆርጦ ግማሹ እንደተንጨባረረ ተቀመጠ።

"መወርወር አሁንም እችላለሁ" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "እስከ መቼ እንደምችል ግን እንጃ። ከመሄዴ በፊት አንድ ቀን አብረን እንዋል። ኩሬው አሁን በጣም ጥሩ ነው።"

አሁን ይሄ ሰው ምን ነበረበት "እሺ ነገ" ቢል? ኩሬው በእግር ቅርብ ነው። ዘንጉ በሩ ጀርባ ቆሟል። እሱ ግን ሌላ ነገር አሰበ፤ እንደሱ ሐሳብ ትልቅ ነገር ነበር። ማጥመድ መጀመሪያ ወደተማረበት ወንዝ ጓደኛውን ይወስደዋል፤ ባለጋሪ ይቀጥራል፣ ዳር ላይ ወንበር ያስቀምጥለታል፣ እሱ ውሃው ውስጥ ገብቶ ክንዱን ይደግፍለታል። ሲያስበው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለጓደኛው ሲል ነው ብሎ አመነ። ኩሬው ዳር ከመታየት ማምለጡን ግን ለራሱም አልነገረውም።

"ወንዝ ነው የምወስድህ" አለው። "ውሃው ይጥራ ብቻ።"

ፀጉር አስተካካዩ "እሺ፣ እንዳልክ" አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ልብስ ሰፊው በየማለዳው ከቁልፉ ጋር ወንዝ ወረደ። ቀኑ በቀዘቀዘ ቁጥር ውሃው ጎደል ይላል፣ ቁልፉ ጥቂት ወደ ታች ይታያል፣ እሱም ደስ ይለዋል። ደግሞ ፀሐይ ትወጣለች፣ ተራራው ላይ የተረፈው በረዶ ይቀልጣል፣ ወንዙ እንደገና ቡናማ ሆኖ ይመጣል። ይህን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም ተመልሶ ሲመጣ በፀጉር ቤቱ በር ጎራ እያለ "ሊጠራ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው" ይላል።

ሚስቱ አንድ ጠዋት አላስቻላትም። "አንተ ሰውዬ፣ ኩሬው ይነክስሃል እንዴ? ሂድና ከጓደኛህ ጋር ዋል።"

"አንቺ አይገባሽም።"

"ምኑ ነው የማይገባኝ? በሳፋ የቀለድከው አንተ፤ የምታፍረውም አንተ። እሱ ምን በደለ?"

ልብስ ሰፊው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ክሩን ፈታ፣ መልሶ ጠቀለለው።

የፀጉር አስተካካዩ ልጅ የምትመጣው ገና ነው ሲባል ሐኪሙ ቀጠሮውን አስቀደመና አንድ ማለዳ ሳይታሰብ መኪና ይዛ ደረሰች። ልብስ ሰፊው ከወንዙ ሲመለስ ሻንጣው ተጭኗል፣ የፀጉር ቤቱ መዝጊያ ወርዷል፣ ጓደኛው የፊት ወንበር ላይ ቀበቶ ታስሮለት ተቀምጧል። ሮጦ መስኮቱ ጋ ደረሰ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ነበር።

"ውሃውስ?" አለው ፀጉር አስተካካዩ።

"ሊጠራ ነው።"

"ሲጠራ ደውልልኝ።"

ልጅቷ የአባቷን ዘንግ ከኋላ አውጥታ በሁለት እጇ አቀበለችው። "ጋሼ፣ ይሄ ለእርስዎ ይሁን ብሏል። እኛ ጋ ማን ይጠቀምበታል?" አለች። መኪናው ሲሄድ ልብስ ሰፊው መንገዱ መሐል ቆሞ ቀረ። ወሽመጡ ተቆርጦ ነበር። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የቆመ አንድ ሰው "ባለሳፋው ሄደ?" ብሎ ጠየቀ። እሱም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ "ስም አለው" ብሎ ተቆጣ። ሰውየው ምን እንደነካው ሳይገባው ከንፈሩን መጦ ገባ።

ሱቁን ሳይከፍት ዋለ። ከሰዓት በኋላ የጓደኛውን ዘንግ ይዞ፣ ሰው ይየኝ አይየኝ ሳይል፣ በዋናው መንገድ ወደ ኩሬው ወረደ።

ፀሐይ ውሃው ላይ ነበረች። ዳሩ ላይ ያለው ውሃ ከመጥራቱ የተነሳ ክብ ክብ የዓሣ ቤቶች፣ በየቤቱም ደጃፍ የሚጠብቁት ባለ ብርቱካን ደረቶች ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር። ቁልፉን ማውጣት እንኳ አላስፈለገውም። ጓደኛው የሚቆምበትን ቦታ ለማግኘት አልተቸገረም፤ ሣሩ ተረግጦ መሬቱ ጠንክሯል። ከበስተጀርባው የዛፎች ቅርንጫፍ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል፤ ክር ወደ ኋላ የሚዘረጋ ሰው ቦታ ካላገኘ መንጠቆው ቅጠል ነው የሚይዘው። በቀኝ በኩል ቅርንጫፎቹ ተቆርጠው ለዘንግ የሚበቃ ክፍተት ተከፍቷል። ፀጉር አስተካካዩ የሚወረውረው በቀኝ እጁ ነው፤ ይህ የሚጠበቅ ነው።

ከዚያ ወደ ግራ ዞሮ አየ። ከተረገጠው ሣር ቀጥሎ ማንም ቆሞበት የማያውቅ ሣር አለ፣ ለምልሞ። ከዚያ ሣር በስተኋላ በግራ በኩል ያሉት ቅርንጫፎችም ተቆርጠዋል። ክፍተቱ ከቀኙ የሰፋ ነው፤ ረዘም አድርጎ ለሚወረውር ሰው የተለካ። በቀኝ እጁ የሚያጠምድ ሰው በግራ በኩል ምንም ሥራ የለውም።

ልብስ ሰፊው ቀረብ ብሎ ቁርጦቹን በጣቱ ዳሰሳቸው። አንዳንዱ ጠቁሮ፣ ቅርፊት ለብሶ ድኗል። አንዳንዱ ግራጫ ሆኗል። በየጸደዩ፣ "ዘንድሮስ?" ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ ጓደኛው እዚህ ወርዶ የእሱን ቦታ አዘጋጅቶ ነበር። የድሮዎቹ ቁርጦች ልክ እንደ ጥሩ ፀጉር አስተካካይ እጅ እኩልና ንጹሕ ናቸው። የዘንድሮዎቹ ነጭ ናቸው፣ ገና አልደረቁም። እነሱ ግን ተቦጫጭቀዋል። አንዱን ቀጭን ቅርንጫፍ ለመቁረጥ መቀሱ እዚህም እዚያም ስቶ ልጡን ልጦታል።

ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ያነሳችው ልጅቷ ናት።

"አንድ ጊዜ ጋሼ፣ ጆሮው ጋ ልያዝለት። ዛሬ እጁ ስልክ አልይዝ ብሎታል።"

"ጠራ እንዴ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ድምፁ ደስ ብሎት።

"ኩሬው ጋ ነኝ።"

በዚያኛው በኩል የመኪናው ድምፅ ይሰማ ነበር።

"የቱ ጋ ነህ?"

"በግራ በኩል።"

"ከኋላህ ይበቃሃል? ዘንድሮ እንደ ወትሮው አላጸዳሁትም።"

"ይበቃኛል" አለ ልብስ ሰፊው። "ስማ እንጂ ወንድሜ፣ እኔ እኮ …"

"ተወው አሁን። ፀሐይዋ ሳትሄድ ወርውር፤ እኔ እሰማለሁ።"

ስልኩን ሳይዘጋ ሣሩ ላይ አስቀመጠው። ተነሣ፣ በግራ እጁ ዘንጉን ያዘ፣ ወረወረም። ክሩ በዚያ ክፍተት ውስጥ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ተዘረጋ፤ አንዲት ቅጠል አልነካም።