እታለም ለሁለተኛ ጊዜ የተጠየቀች ቀን

ያን ቀን እንዴት እንደፈራሁ ለማንም አውርቼ አላውቅም። መጻፍ ግን፣ ደስ ሲል፣ ከማውራት ይቀላል!

እታለም የምላት አክስቴን ነው። ከገሳይ አምጥታ ደብረ ታቦር የምታስተምረኝ እሷ ናት። በአንዲት የኪራይ ክፍል እንኖራለን፤ የምንበላውም ከዱቄት ፋብሪካው ደሞዟ ነው። እዚያ የተሞላ ከረጢት አፉን እየሰፋች ትደረድራለች። ወገቧን እንደሚያማት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከሥራ ስትመጣ በቅባት የማሽላት እኔ ነኛ።

አንድ ሰሞን ስለ ሠራተኞች የመሥራት አቅም የሚጠይቅ መጠይቅ የያዘች ልጅ ፋብሪካው መጣች። እታለም ስለ ጤናዋ ስትጠየቅ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ መለሰችና ቤት ስትገባ "አለፍኩ!" አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ ምሳዋን ላደርስ ስሄድ ያቺው ልጅ ያንኑ ወረቀት ዘርግታ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። የእታለም ፊት አመድ መስሏል።

"ደገሙኝ" አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ።

ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። እታለም ዓረብ አገር ሳለች ለሜዲካል ምርመራ ሁለቴ የተጠራች ሴት ሁሉ "አንፊት"፣ ለሥራ አትሆኚም ተብላ፣ ሻንጣዋን ይዛ ነው የተመለሰችው። እታለም ከዚህ ሥራ ከወጣች እሷ ተመልሳ ወደ ዓረብ አገር፣ እኔ ደግሞ ትምህርቴን ጥዬ ወደ ገሳይ። የምሳ ዕቃውን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ።

"እርስዎ ከሁለት ዓመት በኋላ ይህንኑ ሥራ መሥራት የሚችሉ ይመስልዎታል?" አለች ልጅቷ።

"መጀመሪያ እርስዎ አትበይኝ፤ አሮጊት አደረግሽኝ እኮ!"

"እሺ፣ ትችያለሽ?"

"እሱ ያውቃል።"

"ያለው ምርጫ 'እችላለሁ'፣ 'አልችልም'፣ 'እርግጠኛ አይደለሁም' ነው።"

"'እሱ ያውቃል' የሚል ሳታስገቡ ነው የዚህን አገር ሰው የምትጠይቁት?"

አጠገባችን ምሳ የሚበሉት ሴቶች ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። እታለም ቀልድ የምታበዛው ስትፈራ ነው።

ሴቶቹ ወደ ምሳቸው ሲመለሱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ምን ተገኝቶብኝ ነው?" አለች።

ልጅቷ ግራ ገባት። "ምንም! የምንፈትነው አንቺን አይደለም፤ መጠይቁን ነው። ያው ሰው በሌላ ቀን ሲጠየቅ ያንኑ ይመልስ እንደሆነ እናያለን።"

"ወረቀት ይፈተናል እንዴ?"

"ይፈተናል።"

"ምስኪን! በኔ ጦስ ሊወድቅ ነው" አለች እታለም። ስለ ወገቧ ልትናገር መሆኑ ሲገባኝ የሽርጧን ጫፍ ጎተትኩ። ለካስ ቆርጣለች። "ጠዋት የምነሳው ግድግዳ ይዤ ነው። ባለፈው ጤናሽ እንዴት ነው ስትይኝ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩሽ። ጤናሽ እንዴት ነው ላለ ሰው ወገቤን ይባላል?"

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አቆመች። "ይኼን ጥያቄ ሁሉም እንደዚያ ነው የመለሱልኝ" አለች ቀስ ብላ። ስም እንደማይጻፍበት፣ ለአለቃም እንደማይሰጥ ነገረችን። እኔ ግን ያየሁት አለቃውን ነበር፤ በበሩ ሲያልፍ ቆም ብሎ አይቶን ሄደ። ሰምቶ ይሆን?

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እስከ ፋብሪካው በር ተከተልኳት።

"ዛሬ በአጃቢ ነው? ሚኒስትር ሆንሽ?" አላት ዘበኛው።

"ልግባ?" አለችው እታለም።

"ምን ነካሽ አንቺ ልጅ! በሩን ለንፋስ ከፈትኩት እንዴ?"

ገባች። እኔ ግን አልሄድኩም። አለቃው ቢጠራትስ? ከአጥሩ ሥር ቆሜ ወፍጮው ሲነሳ አዳመጥኩ። ቆየት ብሎ እታለም የሥራ ጓደኛዋን ስትጠራ ድምጿ ከጩኸቱ በላይ ወጣ።

"ነይ እስቲ፣ ይኼን በአንድ በኩል ያዢልኝ! ወገቤን ያመኛል!"