የእናቴ ምስክርነት

ቆቦ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ከባለጉዳዮቼ ሁሉ ደሜን የሚያፈሉት፣ መሬታቸውን «ይጡረኝ» ብለው ለልጅ በስጦታ ሰጥተው የተጣሉ አረጋውያን ናቸው። ሕጉ ለእነሱ ነው፤ ለመጦሪያ የተሰጠ መሬት ተቀባዩ ካልጦረ ይመለሳል። የሚጠበቅባቸው ዳኛ ፊት ቆመው «አልጦረኝም» ማለት ብቻ ነው። ይህቺ አንዲት ቃል ግን ከብዙዎቹ አፍ አትወጣም። ስለዚህ እንደ ተማሪ ቁጭ አድርጌ አስጠናቸዋለሁ፤ አንዳንዴም እቆጣለሁ።

እናቴ የምትኖረው ከሮቢት ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ መሬቱ በስሟ ሆነ። ታላቅ ወንድሜ አብሯት እየኖረ ያርስ ስለነበር፣ እየጦራት እንዲይዘው በስጦታ ሰጠችው። ውሉን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ ነው ያረቀቅሁት፣ አልደብቅም፤ የእናቴ ነገር መላ አገኘ ብዬ እፎይ አልኩ።

ወንድሜ ብዙም ሳይቆይ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ፣ ሚስቱን ይዞ ዋጃ ከተማ ገባ። ባጃጅ ይነዳል አሉኝ። እናቴ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላለችም። የነገረችኝ ለገበያ ቆቦ የመጣች ጎረቤቷ ናት። ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ፣ «ኧረ እናትህን እወቅ። ምድጃዋ ላይ እሳት ካየን ሰነበትን፤ እኛው ነን ንፍሮ የምናቀምሳት» አለችኝ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ቀና ብለው አዩኝ። አፈርኩ፤ እፍረቴን ግን ወዲያው ወንድሜ ላይ አዞርኩት።

ክሱን በዚያው ቀን ጻፍኩ። እናቴን አስመጥቼ እንደ ሌሎቹ አስጠናኋት። «እማ፣ አልጦረኝም በይ። ሌላ ምንም አትጨምሪ።»

«እሺ» አለችኝ።

በቀጠሮው ቀን ሻርፗን አስተካክላ ቆመች። ወንድሜ ከወዲያ በኩል አንገቱን ደፍቷል። ከስቷል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ተበልቶ አልቋል። ዳኛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እናቴ፣ ልጅዎ ያበላዎታል? ያለብስዎታል?» ሲሉ ጠየቋት።

ወንድሜን አየችው። «አልሐምዱሊላህ» አለች። «ልጄ ምን አጎደለብኝ? ይጦረኛል።»

መዝገቡ ተዘጋ። ውጭ እንደወጣን ጮኽኩባት፤ ከዚያ በፊት እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። «ሰው በተሰበሰበበት ልጄ ጣለኝ ልበል?» አለችኝ። «ከዚያ ወዲያ በየት በኩል ቀና ብሎ ይሂድ?» ወንድሜ ጉልበቷን ስሞ ወደ ዋጃ ሄደ፤ አልተመለሰም። እኔም ሮቢት በሚሄድ ሚኒባስ አሳፈርኳትና ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

ክረምት ሲገባ ችግሩ ባሰባት። ቀበሌው ረዳት ለሌላቸው አረጋውያን እህል ስለሚሰጥ እንዲያስገቧት ጠየቅሁ። የውሳኔው ግልባጭ እነሱ ዘንድ ደርሷል፤ «ጧሪ እንዳላት ራሷ መስክራለች» ተባልኩ። የዛን ቀን ያልሰደብኩት ሰው የለም። ከዚያ ሌላ ማመልከቻ ጻፍኩ፦ አመልካች ሠርተው መብላት የማይችሉ፣ ጧሪም ሆነ ረዳት የሌላቸው አረጋዊት ናቸው። ለስንቱ ስለጻፍኩት ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም።

እናቴን ይዤ ቀበሌ ገባሁ። የተቀበለችን ከሌላ አካባቢ ተመድባ የመጣች ወጣት ሠራተኛ ነበረች፤ አታውቀንም። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበች።

«ፍርድ ቤት የተናገረችው አፍራ ነው» አልኳት። «ልጇ ዞር ብሎ አያያትም። ማንም የላትም።»

«ማንም?» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። «አንተስ ምኗ ነህ?»

እናቴ ወደ እኔ ሳትዞር ቀድማኝ መለሰች።

«ማመልከቻ ጸሐፊ ነው፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት። «ከቆቦ ነው ያመጣሁት።»

ሠራተኛዋ እሺ ብላ ቅጹን ሳበች። «ልጆች» በሚለው ቦታ ላይ የሞላችው አንድ ብቻ ነው። እኔም አላረምኳትም።