ላኮረፈች እህት የተረጨ ኮክ

አውቶቡስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ የኮክ ሣጥናቸውን ጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። ረዳቱ «አባባ፣ ላይ ልጫንልዎት?» ቢላቸው ዐይናቸውን አጉረጠረጡበት። ኮታቸው ንጹሕ ነው፤ ጫማቸው ላይ ግን ነጭ የርጭት ጠብታ ደርቆ ቀርቷል። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር እጃቸውን ሣጥኑን ከሸፈነው ጨርቅ ሥር ሰደው ፍሬዎቹን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን ያደርጋሉ።

«ለእህቴ ነው» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «በየዓመቱ እልክላት ነበር። መንገድ ላይ እየላሸቀ ሲደርሳት፣ ‹ወንድሜ የወዳደቀውን ለቅሞ ይልክልኛል› ብላ አኮረፈችኝ። ዘንድሮ ፍሬው ገና እንጭጭ ሳለ ጀምሬ፣ ፍሬ ያጠነክራል የተባለውን ካልሲየም በውሃ እየበጠበጥኩ ቅጠሉንም ፍሬውንም ስረጭ ከረምኩ። ማቀዝቀዣ ቤት ሰንብቶ እንኳ ይኸው፣ እስቲ ንካው!»

ነካሁት። እውነትም አልላሸቀም።

«ደውለው ቢያስረዷቸውስ?»

«አታነሳማ። እንደምመጣ በልጇ አስነግሬያለሁ። ትቀበለኝ አትቀበለኝ እንጃ።»

አውቶቡሱ ሲቆም ሣጥናቸውን እንደታቀፉ ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

መናኸሪያው በር ላይ ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ቆመው ነበር። ወንድማቸውን ሰላም ሳይሉ ከሣጥኑ አንድ ኮክ አነሡ፤ ጨመቅ አደረጉት፤ ሊገምጡት ሞክረው አቃታቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጥርሴ ከረገፈ በኋላ ድንጋይ ታመጣልኛለህ?»

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው። እዚያው አጥሩ ሥር ተቀመጡና ከኪሳቸው ሴንጢ አውጥተው፣ ኮኩን በስሱ እየቆረጡ ለእህታቸው ያቀብሏቸው ጀመር።