አያ ደርሶ ጠሐይ ላይ ያሰጧቸው ባትሪዎች

ትናንት የስልኬን ቻርጀር ከግድግዳው ስነቅል እጄን ፈጀኝ። ስልኩን ካነሳሁ ቆይቻለሁ፤ እሱ ግን ሥራ ሳይኖረው ሲግል ነበር። ወዲያው አያ ደርሶ ትዝ አሉኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ሞባይል መጠገኛ ቤት እሠራ ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ጥቃቅን ዕቃ መበየድ ግን ለምጄ ነበር። ኢንጂነር ዮናስ በአምባ ጊዮርጊስ ገጠር ለሚገኝ የመንደር ውኃ ማጠራቀሚያ ጋን መሣሪያ ሲሠሩ የበየድኩላቸው እኔ ነኝ። መሣሪያው የውኃውን ልክ በሞባይል ኔትወርክ ይልክና ባትሪ እንዳይፈጅ መልሶ ይተኛል። ባትሪው ዓመት ይቆያል ተብሎ ነበር፤ ወርም ሳይሞላው አለቀ። ተቀየረ፤ ያም አለቀ።

የመሣሪያው ሳጥን ብሎን ደግሞ እየተፈታ እንደሚታሰር ታወቀ። የጋኑ ጠባቂ አያ ደርሶ ከሬዲዮ የማይለዩ ሽማግሌ ናቸው። ሰዉ «ባትሪውን ለሬዲዮዋቸው ይወስዳሉ» ብሎ ፍርዱን ጨርሷል። የውኃ ኮሚቴው ሊቀመንበር «እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይምላሉ፤ ካልማሉ ጥበቃውን ይተዋሉ» ብለዋል። እውነቱን ለመናገር፣ የኔም ልብ ወደ ሬዲዮው ያደላ ነበር።

ጥቅምት ነው። ከኢንጂነሩ ጋር የባቄላ እሸት እየፈለፈልን በዚያ ብርድ ወደ ጋኑ ወጣን። ስንደርስ ያለቁት ባትሪዎች የአያ ደርሶ የድንጋይ ካብ ላይ ተደርድረዋል።

«ይኸው! ተያዙ!» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ምነው?» አሉ አያ ደርሶ። «ባትሪ ሲደክም ከሳጥኑ አውጥተው ጠሐይ ያሞቁታል፤ መልሰው ያስገቡታል። ለሬዲዮዬም የማደርገው ይኸንኑ ነው። ሸጋ ነፍስ ይዘራል።»

«የርስዎ ሬዲዮ ታዲያ ምን በልታ ነው እንዲህ የምትጮኸው?» አለ አንዱ። ሰዉ ሳቀ።

«የራሷን! ለባትሪ ብዬ ታቦት ፊት አልምልም።»

ኢንጂነር ዮናስ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ስትበይጂ የተነካካ ሽቦ ይኖር ይሆን?»

ሳጥኑን ከፍቼ ብየዳዬን አሳየኋቸው።

እሳቸውም አዲስ ባትሪ አስገብተው የሚፈሰውን ኃይል የሚያሳይ መለኪያቸውን አገናኙ። መሣሪያው ተኝቷል፤ ቁጥሩ ግን አልተኛም። ዕቃውን አንድ በአንድ ነቃቀሉት። በመጨረሻ የባትሪውን ቮልቴጅ መሣሪያው ወደሚችለው ልክ የምታወርደው ቁራጭ ብቻ ቀረች። ቁጥሩ ያው ነው።

«እሷ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «የመረጥኳት እኔ ነኝ። ከግድግዳ መብራት ለሚሠራ ዕቃ የምትሆን ናት፤ ሥራ ባይኖራትም ትጠጣለች።»

ጎንደር ተመልሰን ንድፉን እንደ አዲስ ሠሩት። መሣሪያው ሲተኛ እምብዛም የማትቀምስ ቁራጭ አስመጡ። መልእክት በሚላክበት ቅጽበት በብርድ የደከመው ባትሪ አቅም እንዳያጣም ኃይል የሚያቆይ ካፓሲተር ጨመሩ። እኔ በየድኩት፤ እስከ ዛሬም ይሠራል።

መሐላው ቀረ። ሰዉ ግን ያን ቀን የተበተነው ቅር እንዳለው ነበር።

ዘንድሮ ጥምቀት ቀሐ ወንዝ ዳር ከዚያ መንደር የመጣች ሴት አግኝቼ ስለ አያ ደርሶ ጠየቅኳት።

«እኒያ ባትሪ የወሰዱት ሰውዬ?» አለችኝ።

መለኪያው የተናገረው ለቆሙት ብቻ ኖሯል፤ ሐሜቱ ግን ቀድሞ ወጥቶ ሄዷል።

«አልወሰዱም!» አልኳት፣ ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ጮክ ብዬ።