የጋሽ አደም የቻይና እንክብል

ጋሽ አደም ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። የመጀመሪያ ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁበትን ሱሪም። በአንድ እጃቸው ጨርቁን እየገፉ በሌላው ሆዳቸውን ደግፈው ሲሠሩ አይቻቸው አድጌያለሁ።

ሕመማቸው ሲያወሩት ቀላል ነው። ሁለት ጉርሻ እንደበሉ ሆዳቸው ይነፋል፤ የበሉት ሳይወርድ ተቀምጦ ያድራል። ተልባ ጠጡ፣ ፌጦ ጠጡ። ባሕር ዳር ሄደው በቱቦ ታዩ፤ «ምንም የለም» ተባሉ። በየዓመቱ ግን የሱሪያቸውን ወገብ ሁለት ሁለት ጣት እያስገቡ ራሳቸው ይሰፉ ነበር።

ወደ ገሳይ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ የቻይናዎቹን ቱታ ይጠግኑ ጀመር። አንድ ቀን ሽማግሌው ፎርማን ቱታ ሊወስድ መጥቶ ጋሽ አደም ምሳቸውን ገና ሳይጀምሩት ሲገፉ አየ። በማግስቱ ቀይ ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጡ የዋንዛ ፍሬ የሚያካክሉ፣ ለስላሳ፣ ማር ማር የሚሉ ጥቁር እንክብሎች ነበሩ። ቋንቋ ስለማይግባቡ ፎርማኑ አንዱን አላምጦ ዋጠና የራሱን ሆድ መታ መታ አደረገ።

በሳምንቱ ጋሽ አደም አንድ ሙሉ እንጀራ በሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዙበይዳ ሰሃኑን ይዘው እኛ ቤት ድረስ መጡና ለእናቴ አሳዩ።

«ጠረገው» አሉ። «እዪልኝ፣ ጠረገው።»

ባዶ ሰሃን እንደዚያ ሲያምር አይቼ አላውቅም።

ሁለት ወር ደህና ሆኑ። ከዚያ መንገዱ አለቀ፤ ፎርማኑ አገሩ ገባ፤ የቻይናዎቹ ካምፕም ሊነሳ ሆነ። ካርቶኑ ውስጥ ዘጠኝ እንክብል ቀረ። ስሙ ቢታወቅ ከአዲስ አበባ ይገኝ ይሆናል ብለን፣ መግለጫ ወረቀቱን ይዤ ቻይና ተምሮ ወደመጣው የካምፑ አስተርጓሚ ሄድኩ። እሱ እየተረጎመ እኔ ጻፍኩ። የመንደሪን ልጣጭ፣ የፍጅል ዘር፣ የገብስ ብቅል። እናቴ ደጃችን ላይ የምታሰጣው ብቅል ከዚያ ሁሉ አገር ማዶም የሰው ሆድ ያስታግሳል። እየተገረምኩ ተመለስኩና ለጋሽ አደም ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። የመጨረሻው፣ ዶሮ የበላችውን እህል የምትፈጭበት ከረጢት የውስጥ ቆዳ ነው፤ ደርቆ የተወቀጠ። የዶሮ ሆድ ለሰው ሆድ መድኃኒት መሆኑ ደንቆኝ ቀና ስል፣ ጋሽ አደም የስፌት መኪናውን አቁመዋል።

«ማን አረዳት?» አሉ።

በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። አብረን እንገበያያለን፣ አብረን እንቀብራለን፤ በሰርግ ግን ሁለት ድስት ይጣዳል። ይህን እያወቅኩ ነው ያነበብኩት።

ሸኹን ጠየቁ። «ሌላ መድኃኒት ከሌለ ትችላለህ። ሌላ እንደሌለ ግን ሐኪም ይንገርህ» አሏቸው። ሐኪሙ ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ። ወጣት ነው፣ ቅን ነው። ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይህን መድኃኒት አላውቀውም። ከዚህ ሌላ የለም ብዬ እንዴት እመሰክራለሁ?» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጋሽ አደም በሁለቱ ልክ መካከል ሆነው ወደ ሁለት ጉርሻቸው ተመለሱ።

እትዬ ዙበይዳ አንድ ቀን መንገድ ላይ ያዙኝ።

«ዳኛቸው፣ ያነበብክለት አንተ አይደለህ? ተሳስቼ ነው በለው።»

«ያምኑኛል?»

«አንተን ካላመነ ማንን ሊያምን ነው? ለዚህ ካልሆነ መማርህ ለምንድን ነው?»

ሄድኩና ነገርኳቸው። አስተርጓሚው የሌላ መድኃኒት ወረቀት እንዳነበበ፣ በእሳቸው እንክብል ውስጥ ዶሮ የሚባል እንደሌለ። በመርፌ ክር እያስገቡ ሰሙኝ።

«ዙበይዳ ናት የላከችህ?»

መሬት የወደቀ ቁራጭ ጨርቅ ማንሳት ጀመርኩ።

«አንተ ልጅ፣ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል። ይልቅ እንክብሉን ለእናትህ ውሰድላት፤ እሷም ጨጓራ አለባት አይደል።»

«እሷም አትበላውም፣ ጋሼ። ሲያርዷት የማንን ስም እንደጠሩባት አይታወቅም።»

«እንግዲያ ይቺ ዶሮ የማንም አይደለችማ» አሉና ሳቁ። ሳቁ ወደ ሆዳቸው ወረደና አሳመማቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው የመኪናውን ጠርዝ ጨበጡ። እስኪተዋቸው ቆሜ ጠበቅኩ። እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

ስወጣ እትዬ ዙበይዳ በሩ ላይ ቆመዋል። አንዱን እንክብል ከመጠቅለያው አውጥተው በመዳፋቸው ይዘዋል።

«አመነህ?»

«አላመኑኝም።»

መዳፋቸውን ትንሽ አዩት። ከዚያ እንክብሉን እንደያዙ ጓዳ ገቡና የጋሽ አደምን አጥሚት ውሃ ጨምረው እያቀጠኑ ማማሰል ጀመሩ።