ለሚሰበረው

በኮምፒውተር ማሠልጠኛው ክፍል ከመስኮቱ አጠገብ የሚቀመጡት ሰው ከሠልጣኞቹ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ። የሱሪያቸው ጉልበት ላይ ሌላ ጨርቅ ተደርቦ ተሰፍቷል፤ በጥፍራቸው ሥር የገባው ነጭ ሲሚንቶ እስካሁን አልለቀቀም። ከመተየባቸው በፊት ኪቦርዱን በመዳፋቸው ጠረግ ያደርጉታል፤ አቧራ ግን የለውም።

የዕለቱ መልመጃ ቀላል ነው። ሠልጣኞቹ የሚጽፉት ፕሮግራም ቁጥር ይቀበላል፣ ቁጥሩን በራሱ በቁጥሩ አባዝቶ ይመልሳል። የሳቸውን ግን ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። አራት ሲሰጡት አሥራ ሰባት፣ አሥር ሲሰጡት መቶ አንድ ያወጣል። አሠልጣኟ ማባዛት የጠፋባቸው መስሏት ጎንበስ ብላ አየች። ማባዛቱ ልክ ነው፤ መጨረሻው ላይ አንድ ደምረውበታል።

«ጋሼ፣ ይቺ አንድ ደግሞ ከየት መጣች?»

«ለሚሰበረው ናት» አሉ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። «ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ወለል ላይ ሴራሚክ ስደረድር፣ አንድ ትርፍ ሳልይዝ ቆጥሬ አላውቅም።»

«እዚህ እኮ የሚሰበር ነገር የለም።»

«እንዲህም ያለ ሥራ አለ ለካ» አሉና በአንድ ጣታቸው አጠፏት። ኮምፒውተሩ ትክክል ነው አለ። ፊታቸው ላይ የተለወጠ ነገር የለም።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ለመነሳት ሞከሩ፤ አልሆነም። ደግመው ሞከሩ። አሠልጣኟ ክንዳቸውን ልትይዝ ጠጋ አለች።

«ተይ ልጄ» አሉ፣ የሌላ ሰው ነገር እንደሚያወሩ ሁሉ። «ለጉልበቴ ብቻ ነው ትርፍ ያልያዝኩት።»