ከፍ ያለው የሞተር መሪ

ጋሼ ከጀርባ ቀዶ ሕክምና ወጥተው ቤታቸው ከገቡ በኋላ መጀመሪያ የደወሉልኝ ስለ ሞተር ብስክሌታቸው ነበር። ከፍ ያለ መሪ እንደገዙ ነግረውኝ፣ ዓርብ ዕለት መጥቼ እንድገጥም አዘዙኝ።

ጋሼ የምላቸው ታላቅ ወንድሜን ነው። በአሥራ ስድስት ዓመት ይበልጡኛል። አባታችን ወደዚህ አገር ሳንመጣ ስለሞቱ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ሁለታችንም የምንሠራው ቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ፣ በአንድ ሚፍዓል፣ በአንድ ፋብሪካ፣ ነበር። እሳቸው የጠዋት ፈረቃ፣ እኔ የከሰዓት። በአንዱ ሞተር እሳቸው ይሄዱበታል፣ ማታ እኔ እመለስበትና ቤታቸው በር ላይ አቆመዋለሁ፤ ቁልፉን ፋብሪካው በር ላይ እንቀባበላለን።

ዓርብ ስደርስ ከሕንፃው ሥር፣ ሞተሩ አጠገብ፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ሚስታቸው ደረጃው ላይ አገኘችኝና በቀስታ፣ «ሐኪሙ እንዳይነዳ ከልክሎታል፣ አንተም እሺ ትለዋለህ?» አለችኝ። ባይነዱትም ተስፋው ይኑራቸው ብዬ አስቤ ነበር። መሪው ከፍ ቢል ጀርባቸው ቀጥ እንደሚል እንጂ ሌላ አልመጣልኝም።

መስታወቶቹን አወለቅሁ። የእጀታውን ጎማ በሳሙና ውኃ አለስልሼ ሳብሁት። አሮጌውን መሪ የያዙትን አራት ብሎኖች ፈትቼ አዲሱን ሳስቀምጥ የፍሪሲዮኑ ገመድ አጠረ። የፊት ፍሬኑ ቱቦም እንዲሁ።

«ጋሼ፣ አልደረሰም። ለሚመጣው ሳምንት ረጅም ይዤ ልምጣ» አልኋቸው።

«ለሚመጣው ሳምንት አታቆየው» አሉኝ።

ገረመኝ። ከብረት ጋር አትቸኩል እያሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ነበሩ። ዓርብ ሲመሽ ሰንበት ስለሚገባ ሱቁ ሳይዘጋ ሮጥሁ፤ ገመዱንም ቱቦውንም አገኘሁ። ተመልሼ ገጠምሁ፤ የፍሬኑን ዘይት ሞልቼ አየሩን አስወጣሁ። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው እያዞርሁ ገመዱ እንደማይወጠር እንዳሳያቸው ነገሩኝ፤ አሳየኋቸው።

ከዚያ ሞተሩ ላይ እንድቀመጥ አዘዙኝ። እርስዎ ይቀመጡ እንጂ፣ ልክዎን ልይ ብላቸው እንቢ አሉ። ተቀመጥሁ። ክንዴን፣ ትከሻዬን አዩና መሪውን ትንሽ ወደ ራሴ እንድስበው ነገሩኝ።

«ለእኔ ልክ ከሆነ ለእርስዎ አይሆንም እኮ» አልኋቸው።

«ለአንተ ነው ያስገጠምሁት። አንተ ረጅም ነህ፤ ጎብጠህ ስትነዳው ሳይ ሁልጊዜ ታሳዝነኝ ነበር። እኔ ከእንግዲህ አልነዳም።»

ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ጀርባቸው ላይ የተገኘው ካንሰር አልፎ ጉበታቸው ገብቷል። ካወቁ ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ለሚስታቸው ገና አልነገሯትም። መፍቻውን አንስቼ የጠበቀውን ብሎን እንደገና ማጥበቅ ጀመርሁ።

«ተው፣ ትሰብረዋለህ» አሉኝ። መፍቻውን ከእጄ ተቀብለው በጨርቅ ጠረጉትና ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡት። ማልቀሴን እንዳላዩ ሆነው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

የክረምቱ ዝናብ ሳይጀምር ዐረፉ። ሰባቱ የለቅሶ ቀናት አልቀው ወደ ሥራ ስመለስ ሞተሩን እዚያው ቤታቸው በር ላይ አስነሳሁት። ድምፁን ስትሰማ ሚስታቸው ወደ በረንዳው ወጣች። እሳቸው ሲሄዱ ሁልጊዜ ታደርግ እንደነበረው እጇን አንሥታ ነበር። እኔን ስታይ እጇን አወረደችና ወደ ውስጥ ገባች።

ሞተሩ አሁንም የሚያድረው እዚያው ነው፤ እሷ ውሰደው አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እዚያ አላስነሳውም። እስከ መንገዱ ማዶ፣ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ እገፋዋለሁ።